የሙታን ዜማና የተቀዳ ድምፅ

የአንድ ጓደኛችን አባት አርባ ሲወጣ ከጅማ ወደ አጋሮ ሄደን ነበር። ካህናቱ ሲያዜሙ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ቀዳው። ወደ ማደሪያችን ተመልሰን ስናዳምጠው ግን የሰማነው ምን እንደ ሆነ ሊነግረን የቻለ አልተገኘም። ሞዛርት በ1791 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሳይጨርሰው የሞተውን የሙታን ቅዳሴ ሙዚቃ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን! የሩቁን ዐውቀን የቅርቡን ማጣታችን ስላሳፈረን ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ።

በትውፊት የቅዱስ ያሬድ ከሚባሉት መጻሕፍት ሁለቱ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ዝማሬ ከቅዳሴና ከቁርባን ጋራ ይዜማል፤ መዋሥዕት ለሙታን ፍትሐትና ለተዝካር ነው። ስሙ «አውሥአ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን መመላለስን ያመለክታል። ሁለቱ አብረው ይማሯቸዋል፤ የታወቀው የምስክር ቤታቸውም በጋይንት ያለው ዙር አምባ ነው።

ከሞዛርት ሥራ የሚለየው በምንድን ነው? በዚያ አራት ዓይነት ድምፆች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። በእኛ ዘንድ ዜማው አንድ ነው፤ መሪው ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

ሁለተኛው ልዩነት በጽሕፈቱ ነው። የአውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታ ያሳያል። የእኛ ምልክት ግን ማስታወሻ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540-1559 በአውሮፓ አቆጣጠር) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። ከይዘት፣ ከደረት፣ ከርክርክና ከመሳሰሉት ሌላ፣ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት አስቀድሞ የተጠና ዜማን ያስታውሳሉ። ያንን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ቢከፍትም አያዜመውም።

የተቀዳ ድምፅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሦስት ቅጽ ያወጡት የዜማ መድበል ጽሕፈቱን ከተቀዳ ድምፅ ጋራ ያቀረበው ስለዚህ ነው። ሆኖም ድምፅ ብቻውን አይበቃም። የየትኛው ቀን ነው? ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው ወይስ አራራይ? መምህሩ ከየት ቤት ተማሩ? ይህ ካልተጻፈበት ቅጂው ስም እንደ ሌለው መቃብር ይሆናል።

በመጨረሻም ስልኩን ይዘን ወደ መሪጌታው ተመለስን። ጥቂት አዳምጠው፣ «ልጆቼ፣ መነሻውን ቆርጣችሁታል፤ ዜማ የሚታወቀው በመነሻው ነው» አሉን። ከዚያም ራሳቸው አነሡልን። እኛም በዚህ ጊዜ ከመቅዳታችን በፊት እርሳስና ወረቀት አወጣን።