ሂስትሪ ደረሰኝ

«ምን ደረሰህ?»

«ሂስትሪ።»

«አይዞህ።»

የትምህርት ክፍል ምደባ በሚለጠፍበት ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ይህች ምልልስ ትሰማለች። መላሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ጠያቂው ለቅሶ እንደመጣ ሰው ያጽናናዋል። ማታ ቤት ሲደወል እናት ትንሽ ዝም ትልና «ታዲያ ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው የኔ ልጅ?» ትላለች።

ነገሩ ታሪክ በማይወራበት አገር ቢሆን ባልደነቀኝ። እኛ ግን ስለ ታሪክ ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን የለንም። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ድንኳን ሥር ሳይቀር ቴዎድሮስ ይነሳል፣ ምኒልክ ይነሳል፣ ግራኝ አሕመድ ይነሳል። ባንዲራና ሐውልት ያጣላናል። በዚህ ክርክር ወዳጅ ከወዳጅ ተለያይቷል፤ ደምም ፈስሷል። እንዲህ የሆነ አገር የታሪክ ትምህርት ክፍሉን ሌላ ያልደረሳቸው ልጆች ማረፊያ አድርጎ ማየቱ ዘወትር ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ ሥር አለው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ አቀደ። ድልድይና ሆስፒታል ለሚያስፈልገው አገር መሐንዲስና ሐኪም ማብዛት ክፋት የለውም። ክፋቱ ቁጥሩ የክብር መለኪያ መሆኑ ላይ ነው፤ 70ው የጎበዝ፣ 30ው የተረፈ ተማሪ ቦታ መሰለ። የትምህርት ክፍሎቹም ይህን ስላዩ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸውን «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር» አሉ። የቅርስ ሙያ ያስፈልገናል፤ ነገር ግን ታሪክ ብቻውን እንጀራ አይሆንም የሚለው ፍርሃት ከስሙ ላይ ይነበባል። ተመራቂው ወይ ለመምህርነት ሌላ ሥልጠና ይጨምራል፣ ወይ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችን ደጅ ይጠናል። የእናት ጥያቄ የሚናቅ አይደለም።

እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው አለኝ። የታሪክ ተማሪ የሚማረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ይመስለዋል። ውጫሌን እንውሰድ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ውል ተፈራረሙ። የ17ኛውን አንቀጽ ነገር የማያውቅ ተማሪ የለም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያንኛው ነገሩን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኃያላኑ አስታወቀች። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያበሥሩ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የተመለሰላቸው ቃል ጉዳያችሁን በኢጣሊያ በኩል አድርጉ የሚል ሆነ። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ታየ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በጊዜው የተጻፉትን ሰነዶች አገላብጠው መረመሩ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ማን ያውቀው ነበር? ከመቼ ጀምሮ? እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጥናት ጥፋቱን አንቶኔሊ ላይ አገኘው። በዓመቱ ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር ካርሎ ጂሊዮ ተቃውመው ጻፉ፤ ሩበንሰንም እንደገና መለሱላቸው። ሁሉም ያወቀው የሚመስለው አንቀጽ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ አዲስ ሲመረመር፣ ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት ሰነድ ይዘው ነበር።

ሙያው ይህ ነው። ወረቀት በእጅህ ሲገባ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን ሊያገኝበት ብሎ መጠየቅ። ከዚያ የምትወደው ወገን የጻፈውንም በዚያው ሚዛን መመዘን። የኋለኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ በአንድ ቀን አይለመድም፣ አስተማሪ ይፈልጋል።

ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ሚያዝያ 1994 ዓ.ም.ን አስታውሳለሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ሲሰጥ ከፊቱ የነበሩት እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች፣ የቆዩ ካርታዎችና የአስተዳደር ወረቀቶች ናቸው። ባድመን አስተዳድሬያታለሁ ብላ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ማስረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለኤርትራ ጸንቶ የነበረውን መብት ለመሻር አይበቃም ተባለ። ያን ያህል ወጣት ያለቀበት የሁለቱ አገሮች ጦርነት ዳኝነቱ ወረቀት ማንበብ ሆነ። ዓባይም እንዲሁ ነው። ግብፅ ስለ ሕዳሴው ግድብ ስትሟገት ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል ታነሳለች፤ ያም ውል የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ አለው። ከውጫሌ በኋላ የሁለት ቋንቋ ውል ሲነሳ ልባችን ሊደነግጥ ይገባል። እያንዳንዱን ቃል የሚመዝን ሰውስ ከየት ይመጣል?

ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ኖሯል። በዚያ ቤት ከተማሩትና ካስተማሩት መካከል ታደሰ ታምራት የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት፣ ሁሴን አሕመድ የወሎን እስልምና፣ መሐመድ ሐሰን የጊቤን የኦሮሞ መንግሥታት፣ ባሕሩ ዘውዴ ዘመናዊቱን ኢትዮጵያ ጽፈዋል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው አገሩን በግማሽ ያውቃል። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ስማቸው የማይነሳ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው፣ ሽማግሌ ጠይቀው፣ የከተማቸውን አመሠራረት፣ የገበያውን፣ የባላባቱን፣ የገዳሙን ነገር ጽፈው መጡ። ያነጋገሯቸው አዛውንቶች ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም አብሮ ታሰበ። ረቂቅ ሞጁሉ ብቅ ከማለቱ ጭቅጭቁ ተነሳ። የማን ሕዝብ ስንት ገጽ አገኘ፣ ማን ተወደሰ፣ ማን ተዘለለ ተባለ። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ተማሪው በእጁ ምን ይዞ ይመርምር ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ያለቀ ትረካ እስከሰጠነው ድረስ ገጹን ብናበዛውም ብንቀንሰውም ጠቡ አይበርድም። ይልቅ የውጫሌን ሁለት ቅጂ ስጡት። የድል አድራጊውን ዜና መዋዕልና የተሸናፊውን የልጅ ልጅ ቃል አብራችሁ አቅርቡለት፤ ሳምንት ይከራከርበት። መሐንዲስ የሚሆነውም ልጅ ይህን ይፈልጋል፤ ስልኩ ላይ በየደቂቃው የሚመጣለት ቪዲዮ ስለ ድሮ ዘመን ይነግረዋልና።

የእናትን ጥያቄ አልዘነጋሁትም። የሚቃረኑ ወረቀቶች ባሉበት ሁሉ ይህ ሙያ ሥራ አለው፤ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣ ውጭ ጉዳይ፣ መሬት አስተዳደር፣ መዝገብ ቤት። ቀጣሪዎች ይህን እስኪረዱ ተመራቂው ጦሙን ማደር የለበትም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከተቋቋመ ከ1936 ዓ.ም. ወዲህ 80 ዓመት አልፏል፤ በየወረዳው መዝገብ ቤት ግን ዛሬም ሰነድ አይጥና እርጥበት ይበላዋል። መንግሥት የታሪክ ምሩቃንን ቀጥሮ እነዚያን መዛግብት ይሰብስብ፣ ይመዝግብ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሂስትሪ ደረሰኝ ብሎ ሲደውል አታጽናኑት። እንኳን ደስ ያለህ በሉት። ከሳጥን ሥር የአያቱ የመሬት ግብር ደረሰኝ ተጣጥፎ ከቀረ ደግሞ፣ ለመጀመሪያው ዕረፍት ሲመጣ አውጥታችሁ ስጡት።