የድመት ማዕድ በጎተራና በጓዳ መካከል
በምዕራብ ጎጃም ቤቶች ድመትን በአግባቡ ስለ መመገብ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ



የዛሬውን ርእስ ሳሳውቅ አንድ ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ፣ «ሰው ጤፍ በጣሳ እየሰፈረ በሚገዛበት ጊዜ አንተ ስለ ድመት ምግብ ልታስተምር ነው?» አለኝ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። ለአንዲት ድመት ሥጋ መግዛት በዚህ አገር ምን ማለት ነው? ከማን ማዕድ ተቀንሶ ነው? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ድመት ምን እንደሆነች፣ በእኛ ቤትም ምን እንደምትሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ያደግሁት ከቡሬ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ ጎተራ ሲገባ፣ በርበሬው በግቢው ላይ ተሰጥቶ ሲቀላ፣ እናቴ ትቆጥረው የነበረው ከብቱን ብቻ አልነበረም፤ «ድመቷ ገብታለች?» ብላ ሳትጠይቅ በር አትዘጋም ነበር። ለእርሷ ድመት የቤት ጌጥ ሳትሆን የጎታው ዘበኛ ነበረች። ይህ ግንኙነት ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። የዛሬዋ የቤት ድመት የዘር ግንድ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው፣ በአገራችንም የሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። የሰው ልጅ እህል አምርቶ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣች፤ አይጧን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጎን ተቀብራ የተገኘች ድመት 9,500 ዓመት ገደማ አስቆጥራለች። ስለዚህ ጎተራውና ድመቷ እኩያሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በገጠራችን በሰፊው የሚታመን አንድ ነገር አለ፤ «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል። በዚህም ምክንያት ብዙ ቤት ድመቷን ሆን ብሎ ያስርባል። ይህን ጉዳይ ከሌሎች አገሮች በተገኘ ማስረጃ መመርመር ይቻላል። ቻርለስ ኤልተን የተባሉት እንግሊዛዊ የሥነ ምኅዳር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የእርሻ ግቢዎችን ተከታትለው ነበር። ያገኙት ውጤት በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአይጥ የተወረረ ግቢ ድመት ስለገባበት ብቻ አይጸዳም፤ አንድ ጊዜ የጸዳውን ግቢ ግን ድመቶች መልሶ እንዳይወረር ይጠብቁታል። ለዚህም ድመቶቹ ግቢውን ሳይለቁ እንዲቆዩ ከባለቤቱ እጅ ምግብ ማግኘት አለባቸው። የተራበች ድመት ግቢ አትጠብቅም፤ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ሜዳ ትወርዳለች፣ ከዚያም ሳትመለስ ትቀራለች።

ለገበሬዎቻችንም ፍትሕ ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ፕሮቲናቸው ከሥጋ የሆነ ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት ይዘው የሚመጡት ታዳኝ በ36 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ የአባቶቻችን ግምት ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ሆኖም መቀነስ ማቆም አይደለም፤ ማስራብና በልክ መመገብም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ድመቷ ተፈጥሮ ልግባ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። ተረቱ የተነገረው በሰው ለመፍረድ ነው፤ በድመት ላይ ግን ሥነ ሕይወታዊ እውነት ሆኖ ይገኛል። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች መፍጨትን ለምዷል፤ ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር አልተማረችም። የጣፋጭ ጣዕም ተቀባይዋ እንኳን የማይሠራ በመሆኑ ማር ብትቀርብላት ጣፋጭነቱ አይሰማትም። እኛ ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ እንሠራለን፤ እርሷ አትችልም፣ ከእንስሳ አካል የተዘጋጀውን ትፈልጋለች። አርጊኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የሌለበት አንድ ማዕድ እንኳን አሞኒያ በደሟ ውስጥ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ ልቆይበት የምፈልገው ታውሪን ነው። ድመት ይህን ንጥረ ነገር በራሷ በበቂ መጠን መሥራት አትችልም፤ በዕፅዋት ውስጥም የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሄይስና ባልደረቦቻቸው፣ ፕሮቲኑ የወተት ኬዚን ብቻ የሆነ ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች በዓይናቸው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን እየከሳ እንደሚሄድ፣ መንሥኤውም የታውሪን እጥረት እንደሆነ አስረዱ። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፖል ፒዮንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ነገር አገኙ። በፋብሪካ ምግብ ይመገቡ የነበሩ ድመቶች ልባቸው እየሰፋና እየደከመ ይሞት ነበር፤ ታውሪን ሲሰጣቸው ብዙዎቹ አገገሙ። አምራቾች የታውሪኑን መጠን የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ «የተሟላ» ተብሎ የተሸጠ ምግብ ነበር።

ይህን ታሪክ በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተከራዩ ሩኅሩኅ ወጣት ነበር። ድመቷ የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ እንዳትይዝና ውሻ እንዳያገኛት ብሎ ከግልገልነቷ ጀምሮ ከቤት አላስወጣትም። የሚመግባት የራሱን ምግብ ነበር፤ እንጀራ በሽሮ፣ አልፎ አልፎም ወተት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ዕቃ እየገጨች መሄድ ጀመረች። ሲያመጣልኝ የዓይኗ ብሌን በብርሃን ፊት እንኳን ሰፊ ነበር። እናቴ ድመት ከዚያ የተሻለ ምግብ ከሰው እጅ አላገኘችም፤ እንጀራ በወተት ነበር የሚሰጣት። ልዩነቱ የእናቴ ድመት በየሌሊቱ ጎተራ ሥር የራሷን ማዕድ ትዘረጋ ስለነበር ነው። አንዲት አይጠ መጎጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ትይዛለች፤ አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 250 ገደማ ያስፈልጋታል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ጉበት፣ ልብና ውኃ በልኩ የተቀመሙበት ምግብ ነው። ከከተማ ቤት ስናስገባት ይህን ማዕድ ነጥቀናታል፤ እንግዲህ የመተካቱ ዕዳ የእኛ ነው።

ሽሮው ሌላም ጣጣ አለው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ለማድረስ በቂ ነው፣ መቀቀሉም ጉዳቱን አያስቀረውም። የዶሮ ወጥ መረቅ የነካው እንጀራ ለድመት ግብዣ አይደለም። ወተትን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል።

ወደ ጾም ልምጣ፤ በዚህ አካባቢ ይህን ሳያነሡ ስለ ሥጋ መናገር አይቻልምና። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ልኳንዳው ይዘጋል፣ ከቤት የሚተርፍ አጥንት አይኖርም። ድመቷም ሳትጠየቅ ትጾማለች። በነነዌ ጾም ታሪክ ከብቶችም ከሰው ጋር እንደጾሙ ይነገራል፤ የእርሱ ግን ሦስት ቀን ነው፣ ድመትም በስሟ አልተጠራችም። በውጭ አገር ሰው ሠራሽ ታውሪን እየተጨመረ ከዕፅዋት ብቻ የሚዘጋጅ የድመት ምግብ አለ። ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ በባቄላና በምስር ክክ አይሠራም።

ታዲያ በምን እንመግባት? እዚህ ላይ የሥነ ምግባሩና የሥነ ምግቡ ጥያቄ ይገናኛሉ ብዬ አምናለሁ። በበዓል ቅርጫ ሲካፈል ሰው የሚሻማበት ብልት አለ፤ ማንም የማይፈልገውም አለ። ሳንባ ከሞላ ጎደል ለማንም አይሆንም፤ ጣፊያም ብዙ ቤት ይጣላል። ለድመት እነዚህ ምርጥ ናቸው፤ ልብ ከተገኘ ደግሞ በታውሪን የበለጸገ ነው። ለእርሷ ተብሎ አንድም እንስሳ አይታረድም፣ ከማንም ልጅ አፍም አይነጠቅም። ውሾች ጥሬ ሳንባና ጉበት እየተወረወረላቸው የሚዛመተው የውኃ ቋጠሮ በሽታም ሳንባው ተቀቅሎ ጥቅም ላይ ሲውል ይቀንሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ ያህል ሳንባ፣ ጣፊያና ልብ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት በጥቂት ውኃ ይቀቀላል። ታውሪን ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁ አይደፋ፤ አብሮ ይሰጣት። ጉበት ቢገባበት ከሃያ እጅ አንድ እጅ አይበልጥ፤ ጉበት በየቀኑ የምትበላ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገቷ አጥንት ይደድራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርበት፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቻላል፣ በዚያ ብቻ ያደገች ግልገልም እግሯ ይጎብጣል። ይህ ለአንዲት ድመት ሦስት ቀን ያህል ይበቃል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ደግሞ ከሁዳዴ በፊት የተቀቀለውን በቀጭኑ ዘልዝሎ እንደ ቋንጣ ሊሰቅለው ይችላል። ይህ ምግብ አይጥ ለምታድን ድመት በቂ ድጋፍ ነው፤ ከቤት ለማትወጣ ግልገል ግን ብቻውን የተሟላ ነው ብዬ አልምልም።

ዓሣም አለ። ባሕር ዳር ላይ የጣና ቆሮሶና አምባዛ ሥጋው ሲገፈፍ ከግማሽ የሚበልጠው የዓሣው ክብደት ጭንቅላትና ትራፊ ሆኖ ይቀራል። ሙሉ ዓሣ ለድመት መግዛትን አልመክርም፤ በተለይ በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጡ በመረብ እየተጠመዱ እጅግ ተመናምነዋል። ትራፊው ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለው፤ ሙቀት ይገድለዋል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ስለሆንን አንድ ቃል ልጨምር። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ዑደቱን የሚጨርሰው በድመት አንጀት ውስጥ ነው፤ እርሷም የምታገኘው ከአይጥ ወይም ከጥሬ ሥጋ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ኩስ እንዳትጠርግ የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ድመቷን ከቤት ማባረር አያስፈልግም፤ ኩሱ ተላላፊ ለመሆን ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየዕለቱ ሌላ ሰው ቢጠርገው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሰውም የራሱን ጥሬ ሥጋ ያስብበት፤ ተውሳኩ በዚያም መንገድ ይመጣል።

መርዝን በተመለከተ፣ ለነቀዝ ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚጣለው የፎስፋይድ ክኒን ማርከሻ የለውም። ድመትም፣ ዶሮም፣ ሰውም ይገድላል። አይጥ ለመግደል በእህሉ ዙሪያ የሚበተን ቤት ድመት ማስቀመጥ የለበትም፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

በአዲስ አበባ መደብሮች የሚሸጠውን የታሸገ ደረቅ ምግብ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። መጥፎ አይደለም። ለድመት መሆኑን፣ የተሟላ መሆኑን፣ ታውሪን እንዳለበትና ቀኑ እንዳላለፈ አንብቡ። የውሻ ምግብ ለድመት አይሆንም። ተፈትቶ በኪሎ የሚሸጠውን ግን ተዉት፤ ቀኑንም ሆነ ቅመሙን የሚነግራችሁ የለም። ማሸጊያም ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ የፕሮቲኑን መጠን ለማስመሰል ሜላሚን የተቀላቀለበት የስንዴ ግሉተን በምግባቸው ገብቶ ብዙ ድመቶችና ውሾች በኩላሊት ድክመት ሞተዋል። የሻገተ በቆሎም እንዲሁ ነው። ለሰው አይሆንም ብለን ለእንስሳ የምንሰጠው በአፍላቶክሲን የተበከለ እህል የእንስሳውንም ጉበት ይበላል።

አሁን የባልደረባዬን ጥያቄ ልመልስ። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት እንደቀጨጩ መዝግቧል። በጾም ወራት ገበያ ያጣው እንቁላል በየቤቱ ሲከማች ለድመት ይሰጥ ብለው የሚመክሩ አሉ። ተቀቅሎ ቢሰጣት ይጠቅማታል። እኔ ግን ያ እንቁላል በመጀመሪያ የሕፃኑ ነው እላለሁ፤ ጾም የማይመለከተው ሕፃን ቤት ውስጥ እያለ ማሰሮው ሥር ከጾም ጋር አብሮ የሚቀመጥ እንቁላል አሳዝኖኝ ያውቃል። ሳንባውና ጣፊያው የድመቷ ነው። ሁለቱ ማዕዶች በአግባቡ ከተለዩ አይጋጩም፤ ይህን መለያ ማበጀት ያልቻለ ቤት ግን ሁለተኛ ድመት ባያሳድግ ይሻላል።

ስለዚያች የፍኖተ ሰላም ድመት ከንግግሩ በፊት የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ዓይኗ አልበራም፤ ያ ሽፋን አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ወጣቱ አሁን ከሚያውቀው ልኳንዳ ልብና ጣፊያ ያስቀምጥላታል። የቤቱን ዕቃ ቦታ ላለመለወጥ ይጠነቀቃል፤ እርሷም በጢሟ እየዳሰሰች ከምድጃው አጠገብ ያለችበትን ሳህን አታጣውም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።