የሕሙማን መከታተያ ሞኒተር ደወል አወሳሰንና አፈታተን

የሕክምና መሣሪያ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለሆስፒታል በሚያስረክብበት ጊዜ፥ መስኮቱ መብራቱንና የሳጥኑ ቍጥር መሙላቱን ብቻ አይቶ ማስፈረሙ አይበቃውም። የሞኒተር ዋና ጥቅሙ ቍጥር ማሳየቱ ሳይሆን፥ ሰው በማያይበት ሰዓት መጮኹ ነውና።

ይህን የተማርኹት በሥራዬ ላይ ነው። የምሠራበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሆስፒታል ሞኒተሮች ሲያስረክብ የርክክቡን ወረቀት የጻፍኹት እኔ ነበርኹ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ነርስ ስልክ ደውላ፥ የአንዱ ደወል ድምፅ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ስለ ነበረ የበሽተኛው ኦክስጅን መውረዱን ያየችው በአጋጣሚ በአልጋው አጠገብ ስታልፍ መሆኑን ነገረችን። በሽተኛው ተረፈ፤ እኛ ግን አፈርን።

አወሳሰኑ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በሽተኛው ዐዋቂ፥ ሕፃን ወይም ጨቅላ መሆኑ ይመረጣል። የዐዋቂ ልብ ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ሲመታ፥ የጨቅላ ልብ ከ120 እስከ 160 ገደማ ስለሚመታ፥ ምርጫው ከተሳሳተ መሣሪያው ያለ ምክንያት ይጮኻል። ቀጥሎም ለልብ ትርታ፥ ለኦክስጅን፥ ለደም ግፊትና ለትንፋሽ የላይኛውና የታችኛው ወሰን ይሰጣል። ወሰኑን የሚቈርጠው ሐኪሙ እንጂ ሻጩ አይደለም፤ በተለይም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የጤነኛ ሰው ኦክስጅን እንኳ ከባሕር ጠረፍ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል።

ፈተናውም ቀላል ነው። የጣቱን መለኪያ አንድ ጤነኛ ሰው ያድርገው። ትርታው 75 ቢሆን የላይኛውን ወሰን 65 ላይ ያድርጉት፤ ደወሉ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጮኽ፥ መብራቱም ብልጭ ማለት አለበት። ቀይ ብልጭታ አጣዳፊ፥ ቢጫ ብልጭታ መካከለኛ አደጋን ያመለክታል። ድምፁም ነርሶች ከሚቀመጡበት ስፍራ መሰማቱ ይረጋገጥ። ከዚያ መለኪያው ከጣት ይውለቅ፤ መሣሪያው መለኪያው መለያየቱን መናገር አለበት። በመጨረሻም የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀል፤ ባትሪው ሥራውን ያለ ማቋረጥ መቀጠል ይገባዋል። ፈተናው ሲያልቅ ወሰኑን ወደ ቦታው መመለስ አይዘነጋ። አንዳንዱ መሣሪያ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ፋብሪካው ወሰን ስለሚመለስ፥ መብራት በሄደ ቍጥር እንደገና መመልከት ያስፈልጋል።

ደወል ያለ ልክ ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ሠራተኛው ይሰለችና ያጠፋዋል። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ከደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደ ተመዘገቡና ከእነርሱም 80ው ሞት እንዳስከተሉ ገልጿል።

እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች፥ በርክክቡ ወረቀት ላይ «ደወሉ ተፈትኖ ተሰምቷል» የሚል አንድ መሥመር ጨምሩ። ወጪው የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትርፉ ግን የሰው ሕይወትና የንግድ ቤት ስም ነው።