ኬቭ ስቶሪ፦ የአንድ ሰው ድካም የወለደው ጨዋታ

በብዕር ስሙ ፒክስል የሚባለው ጃፓናዊው ዳይሱኬ አማያ፣ በትርፍ ጊዜው አምስት ዓመት ያህል ብቻውን ደክሞ፣ ሥዕሉንም ዜማውንም ድርሰቱንም ፕሮግራሙንም በገዛ እጁ አሰናድቶ፣ በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያለ ዋጋ ለሕዝብ ያበረከተው የኮምፒዩተር ጨዋታ ኬቭ ስቶሪ ይባላል። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ባለሙያ አሰልፈው፣ እውነተኛውን ዓለም የሚመስል ሥዕል ለማውጣት ሲሽቀዳደሙ፣ እርሱ ግን ወርዱ 320 ቁመቱ 240 ነጥብ በሆነች ጠባብ ገጽ ላይ፣ የ1980ዎቹን ጨዋታዎች መልክ መርጦ ሠራ።

ተጫዋቹ ትዝታው የጠፋበትን አንድ ሮቦት እየመራ፣ በሰማይ ላይ በምትንሳፈፍ ደሴት ከዋሻ ወደ ዋሻ ይዘላል፣ ይተኩሳል፤ ሚሚጋ የተባሉትን ጥንቸል መሰል የዋሃን ፍጥረታትም ዶክተር ከሚባለው ግፈኛ እጅ ለማዳን ይጋደላል። የዝላዩ ነገር በተለይ የሚደነቅ ነው፤ ሮቦቱ ከመሬት ሲነሣ በዝግታ ይንሳፈፋልና፣ በአየር ላይ ሳለ አቅጣጫውን ማረም ይቻላል፣ ጣትም ይህን ልክ አንድ ጊዜ ከለመደ በኋላ ጠባቡ ዋሻ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ይሆናል።

ተጫዋቹን የሚያማርረው የመሣሪያው ሥርዐት ነው። ከወደቀ ጠላት የሚበተኑትን ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን ክሪስታሎች የለቀመ ሰው መሣሪያው እስከ ሦስተኛ ደረጃ ይበረታል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ በተመታ ቁጥር ከሕይወቱ ጋር የመሣሪያውም ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብርታት እጅግ በሚያሻበት ሰዓት ድካም ይደርስበታል። ብዙዎች በዚህ ያዝናሉ፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ከመተኮስ አስቀድሞ መሸሽን፣ ከድፍረትም አስቀድሞ ማስተዋልን ያስተምራል። ኔሜሲስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ይህን ሥርዐት ገልብጦ፣ በመጀመሪያው ደረጃ እንደ መብረቅ ሲያስፈራ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የላስቲክ ዳክዬ ይተፋል፤ ባለቤቱም ክሪስታል ከመልቀም እንዲሸሽ ይገደዳል።

ፍትሕ የማላይበት አንድ ስፍራ አለ። ላብሪንት በተባለው የጨዋታው ክፍል ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ቡስተር የተባለ ሽማግሌ ወደ ጉድጓድ ሲወድቅ ያየ ተጫዋች፣ ርኅራኄ ያለው ከሆነ ወርዶ ያነጋግረዋል፤ ሽማግሌውም በጀርባ ታዝሎ የሚያስወነጭፈውን መሣሪያ ሰጥቶት ይሞታል። ሽማግሌውን ሳያነጋግር ጉድጓዱን ዘሎ ለተሻገረው ግን ሽማግሌው ከሞት ተርፎ፣ በኋላ የተሻለውን መሣሪያ ይሰጠዋል፤ ከሁሉ ወደሚበልጠው ፍጻሜ የሚወስደውም መንገድ የሚከፈተው ለዚህኛው ብቻ ነው። ደግ ልብ ያለው ሰው እንዲህ ሲቀጣ፣ ከመቀጣቱም በፊት አንዳች ግልጽ ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ፣ ማየት ያሳዝነኛል።

የዚያ መንገድ መጨረሻ በደም የተበከለው ቤተ መቅደስ ነው። ከደጁ ካለችው ትንሽ ቤት በኋላ ጨዋታውን ማስቀመጫ ስፍራ የለም፤ የሾኽ ወለል፣ ከላይ የሚወርድ ድንጋይ፣ በመጨረሻም መልኩን ደጋግሞ የሚለዋውጥ ባሎስ የተባለ ጠንቋይ ይጠብቃል፣ በእርሱ እጅ የወደቀም ወደ ደጁ ይመለሳል። ሆኖም አማያ ለዚህ ስፍራ የደረሰው ፈጣን ዜማ ደምን ያሞቃልና፣ ሽንፈቱ ተስፋ አያስቆርጥም። አዲስ ተጫዋች ግን ወደዚህ ተጋድሎ የመግባት ዕድሉ ባለማወቅ እንዳይዘጋበት፣ የፕሮፌሰሩን ምሥጢር ከወዳጅ አስቀድሞ ቢሰማ የደራሲውን ሥራ ማርከስ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።