ስብከትና ማዕድ

ስለ ፍቅር የማይሰብክ ሰባኪ የለም። እኛም ተማሪዎች እሑድ ጧት ሰምተን፥ ራሳችንን ነቅንቀን፥ ወደየመኝታ ክፍላችን እንመለሳለን። ነገር ግን ጎን ለጎን ቆሞ ማስቀደስና በእምነት አብሮ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት፥ ከዐውደ ምሕረቱ ይልቅ ማዕዱን መመልከት ይሻላል።

በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቆሮንቶስ የነበሩት ክርስቲያኖች ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ፥ ያለው ቀድሞ በልቶ ሲጠግብና ሲሰክር፥ የሌለው ተርቦ ይቀር ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 11 አጥብቆ የገሠጻቸው ስለዚሁ ነው። የሚያስደንቀው ያዘዘላቸው መድኃኒት ተራ ነገር መሆኑ ነው፤ ይኸውም ለመብላት ሲሰበሰቡ እንዲጠባበቁ ነው። ከዚያም በፊት በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች ከዕለቱ ምግብ ስለ ተጓደለባቸው ማጉረምረም ተነሥቶ፥ እስጢፋኖስና ስድስት ባልንጀሮቹ ተመረጡ (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6)። እንግዲህ የዲቁና መነሻው የእንጀራ ክርክር ነበር ማለት ነው።

ዮሐንስ አፈ ወርቅም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ386 እስከ 397 በአንጾኪያ ቄስ ሆኖ ሲያስተምር፥ የመቅደሱን ማዕድ በወርቅ አስጊጦ በደጅ የታረዘውን ማለፍ ክርስቶስን ራሱን ማለፍ መሆኑን ባለጠጎችን ሳይፈራ ይነግራቸው ነበር።

በሀገራችን ይህ ነገር ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አባቶቻችን ሥርዓት አበጅተውለታል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱስ መታሰቢያ ቀን፥ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም እንደ ማለት፥ በማኅበርተኞች ቤት በየተራ ይደረጋል። ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካል፤ ሙሴው ሥርዓቱን ያስከብራል፤ ሲፈጸምም ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል። ቁም ነገሩ ያለው «በየተራ» በሚለው ቃል ውስጥ ይመስለኛል። ዛሬ ያበላ በሚመጣው ወር እንግዳ ነው፤ ሁልጊዜ ሰጪ፥ ሁልጊዜ ተቀባይ የሚባል የለም። የቀረ ሰው ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይጐበኛል፤ የተጣሉም እንዲታረቁ ይደረጋል። ሰንበቴ ደግሞ ማዕዱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያመጣዋል፤ ከቅዳሴ በኋላ ተረኞቹ ካቀረቡት ነዳያንም ይካፈላሉ።

ነገር ግን ቆሮንቶስ እኛም ዘንድ አለች። ተራው የደረሰው ሀብታም ፍሪዳ ይጥላል፤ ተከታዩ ደመወዝተኛ እንዳያንስ ተበድሮ ይደግሳል፤ ኑሮዋ ጠባብ የሆነችው እናት ግን ተራዋ ሳይደርስ ቀስ ብላ ትቀራለች። ማንም አላባረራትም። ለምን እንደ ቀረችም ሁሉ ያውቃል፤ ያፍራል እንጂ አይናገርም። የሰባኪ ድምፅ የሚያስፈልገው ልክ እዚህ ላይ ነው። ስለ ፍቅር በጠቅላላው መናገሩን ትቶ፥ ድግሱ በዳቦና በጠላ እንዲወሰን፥ ከዚያ ያለፈ እንዲቀጣ ቢናገር ከብዙ ስብከት ይበልጥ ነበር።

እኛስ ብንሆን? ለጸሎት የምንሰበሰብ ተማሪዎች ለበዓል መዋጮ ስናወጣ፥ ከቤቱ ምንም የማይላክለት ጓደኛችን «ጥናት አለብኝ» ብሎ ይቀራል። እኛም ትጋቱን እናደንቃለን! በሚቀጥለው ስብሰባ መዋጮው ቀርቶ፥ ያለው ቆሎም ሆነ ዳቦ ይዞ፥ የሌለው ባዶ እጁን መጥቶ ከአንድ ገበታ እንድንቀርብ ሐሳብ ላቀርብ አስቤአለሁ። የሚቃወም ካለ እዚያው ይንገረኝ።