እንዴት ይሠራል? ለላም የተሳለ፣ ውሻን የሚወጋ እሾህ

የዓለም ገና የግቢ ውሻ ብዙ ነገር አይፈራም። በቆርቆሮ አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል፤ የክረምቱን ጭቃ ሆዱ ድረስ ተነክሮ ይሻገራል፤ ከጅማው መንገድ ወደ ቡታጅራ በሚገነጠለው አስፋልት ላይ ሲኖትራክ እያጓራ ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ ቢጫ ሲመታ፣ በየባዶ ቦታው ኮሸሽላ ቀና ሲል፣ ያ ደፋር ውሻ አንድ እግሩን አንሥቶ ያመነታል፤ ጠጋ ብሎ አሽትቶ አፍንጫውን ይመልሳል፤ ከዚያም ዙሪያውን ሄዶ ያልፋል። ባለቤቱ በአቋራጭ ና ብሎ ቢጠራው አይሰማም።

ውሻው ልክ ነው፤ ጠቡ ግን የእሱ አይደለም። ያ እሾህ የተሳለው ሣር ለሚግጥ አፍ እንጂ ለውሻ እግር አይደለም። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እንዲህ እንዲበዛ ያደረግነውም እኛና ከብቶቻችን ነን። እንዴት? ከአበባው እንጀምር።

ኳሱ አንድ አበባ አይደለም

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ሰው በጅምላ ኮሸሽላ የሚለው ከአንድ በላይ ተክል ነው። አንደኛው ራሱ እንደ ኳስ የከበበው፣ ተመራማሪዎች ኤኪኖፕስ የሚሉት ወገን ነው። ሁለተኛው ሐምራዊ አበባው ከሥሩ በሾሉ ቅርፊቶች የታቀፈው ደንደሮ ነው። ሦስተኛው ደማቅ ቀይ አበባ የሚያወጣውና ለአጥር የሚያገለግለው አካንተስ ሴኒ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ይህ ሦስተኛው ቅጠሉ ቢዋጋም ከሁለቱ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ሁለቱ ግን የአደይ አበባ፣ የኑግና የሰላጣ ዘመዶች ናቸው። ይህን ሰፊ ቤተሰብ ለኢትዮጵያና ኤርትራ የዕፅዋት መዝገብ ያዘጋጁት የሥነ ዕፅዋት ሊቁ መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፣ ጥራዙ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል።

የኤኪኖፕስን ራስ በቢላ ለሁለት ሰንጥቁት። መሐሉ ላይ ትንሽ እምብርት አለ፤ ከእሱ በየአቅጣጫው የወጡት ቀጫጭን ዘንጎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። በአደይ አበባ ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ማቀፊያ ይጋራሉ፤ እዚህ ግን እያንዳንዷ አበባ የራሷ ማቀፊያና የራሷ ሹል ጠባቂ አላት። ሁሉም ባንድ ቀን አይፈኩም። ከኳሱ አናት ይጀምርና ፍካቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ንብ ለቀናት የምትመላለሰው ለዚህ ነው።

ደንደሮው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። የአበባው ዱቄት የሚቀመጠው በጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው። የሴቴው ዘንግ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ሲያድግ፣ የስሪንጅ መግፊያ መድኃኒቱን እንደሚገፋው፣ ዱቄቱን ወደ ላይ ያወጣዋል። በዚህ ወገን በብዙዎቹ ዘንድ ቱቦውን የተሸከሙት ክሮች ሲነኩ ይኮማተራሉ። ንብ ስታርፍ ክሮቹ ቱቦውን ወደ ታች ይስቡታል፤ ዱቄቱም ብቅ ብሎ ሆዷ ላይ ይቀባል። እንግዲህ ተክሉ ለንብ በሩን ከፍቶ፣ ከታች ለሚመጣው ሁሉ ጦር ሰብቆ ይጠብቃል ማለት ነው።

እሾሁ ከምን ተሠራ?

እሾህ ሁሉ አንድ አይደለም። የሎሚና የአጋም እሾህ እድገቱን አቁሞ የሾለ ቅርንጫፍ ነው፤ ለዚህ ነው ለመገንጠል የሚያስቸግረው። የጽጌረዳ እሾህ የበቀለው ከላይኛው ቆዳ ብቻ ስለሆነ በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት ይነሣል። የኮሸሽላ እሾህ ግን የቅጠሉ የራሱ ጠርዝ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ውኃ የሚያመላልሰው ጅማት ለስላሳው ክፍል ካለቀ በኋላም ይቀጥላል፤ ጠንክሮም ወደ እንጨትነት ይለወጣል። ያ ነው ጫፉ።

ቅጠሉ ገና ለጋ ሳለ እሾሁ ይተጣጠፋል፤ ቢወጋም ብዙ አይጎዳም። ዝናቡ ቆሞ ተክሉ ሲደርቅ ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሰውነት ውስጥ ተሰብሮ የሚቀረውም ይኸው ደረቁ ነው። ስለዚህ ክፉው ወቅት ተክሉ ለምለም የሆነበት ክረምት ሳይሆን በጋው ነው።

ጉልበቱ የሚመጣው ከጫፉ ጥበት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው፤ ለአንዱ እግር 6 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህ በመዳፉ ስፋት ሁሉ ሲበተን ቀላል ነው። አሁን ከ6 ኪሎው 50 ግራም ብቻ በአንድ እሾህ ላይ አረፈ እንበል። የጫፉ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ እዚያች ነጥብ ላይ ያለው ጫና በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ600 ኪሎ ይበልጣል። ይህን የሚችል ቆዳ የለም።

ውሻው የት ላይ ይወጋል?

የመዳፉ ጥቁር ቆዳ ከመላ አካሉ ወፍራሙ ነው፤ ከሥሩም ስብ አለ፤ ኮረት ይችላል። ችግሩ በጣቶቹ መካከል ነው። እዚያ ያለው ቆዳ ስስ ነው። ውሻ ሲረግጥ ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ሲያነሣ ይገጠማሉ፤ ስለዚህ በክፍተቱ የገባ እሾህ እግሩ በተነሣ ቁጥር እየተጫነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ሁለተኛው አፍንጫ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር በእጁ ይነካል፤ ውሻ በአፍንጫው ይጠጋል። ጫፉ ጠጉር የለውም፣ በነርቭ የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ የተወጋ ውሻ ሁለተኛ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የተክሉን ሽታ፣ መልክና ቦታ ከሕመሙ ጋር አያይዞ ይይዛል። ቡችላ ዘሎ ይገባበታል፤ አሮጌ ውሻ ግን አሽትቶ ይርቃል።

ላም ግን እዚያው ኮሸሽላ መሐል ቆማ ትግጣለች። ኮቴዋ ቀንድ ነው፤ ቢረግጠውም አይሰማትም። የእሷ ጭንቅ ሌላ ቦታ ነው።

የላም ምላስ

ላም ከላይ በኩል የፊት ጥርስ የላትም። ሣሩን በምላሷ ጠምጥማ ወደ አፏ ትስባለች፣ ከዚያ ትበጥሳለች። አሁን ምላስን በኮሸሽላ ላይ መጠምጠም ምን እንደሚመስል አስቡት። እሾሁ የተሳለው ለዚህች ምላስና ለመሰሎቿ ነው። አህያ ከንፈሯን እንደ ጣት መጠቀም ስለምትችል ለስላሳውን ክፍል መርጣ ትቀነጥሳለች፤ ፍየልም እንዲሁ። ላምና በግ ግን ብዙውን ጊዜ ትተውት ያልፋሉ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከብት ጎረቤቱን ሣር እስከ ሥሩ ሲግጠው ኮሸሽላው ሳይነካ ይቀራል። ሣሩ ያጣውን ብርሃንና ውኃ እሱ ይወስዳል። ደንደሮ በመጀመሪያ ዕድሜው ቅጠሎቹን መሬት ላይ ለጥፎ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለው ሣር ታፍኖ ይሞታል። ወደ ታች የሚወርደው ዋና ሥሩም ምግብ ያከማችለታል። ጊዜው ሲደርስ ግንዱን ያወጣል፣ ያብባል፣ ፍሬውን በነጭ ሱፍ አንጠልጥሎ ለነፋስ ይሰጣል።

ነፋሱ የት ያወርደዋል? ሣር ያለበት ቦታ ቢወድቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። የተራቆተ አፈር ላይ ካረፈ ግን ሜዳው የሱ ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ የተራቆተ አፈር ሞልቷል፤ ታጥሮ ግንባታ የሚጠብቅ ቦታ፣ ለመንገድ የተቆፈረ ዳር፣ የኮረት ክምር የተነሣበት ሜዳ፣ ከፉሪና ከወጨጫ ጋራ ግርጌ ያለ የተጋጠ ግጦሽ። ውሻው የሚያመነታበት ቁጥቋጦ የበቀለው በእነዚህ ላይ ነው።

ኮሸሽላ ላይ የሚለጠፍ የሌላ ጥፋት

ውሻ እያነከሰ ሲመጣ ሁሌ ኮሸሽላን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሳማ አለ፤ የሳማ ጠጉር ጫፉ ብርጭቆ መሰል ሆኖ ሲነካ ይሰበራል፣ የሚያቃጥል ፈሳሽም ያስገባል። ኮሸሽላ ይህን አያደርግም፤ ይወጋል እንጂ መርዝ የለውም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ማንም የማይጠረጥረው ነው፤ ሲናርና ሌሎች ጺም ያላቸው ሣሮች። የሲናር ጺም እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፣ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። በላዩ ያሉት ጥቃቅን ጠጉሮች ወደ ኋላ ስለሚያዘነብሉ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። በውሻ ጣት መካከል ወይም በጆሮው የገባ ጺም ቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ሊጓዝ፣ መግል ሊያስቋጥርም ይችላል።

ጭጎጎት ደግሞ አይጎዳም፤ ተሳፋሪ ነው። ጠጉር ላይ ተጣብቆ ሌላ ቦታ ይዘራል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ዦርዥ ደ ሜስትራል እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ከእግር ጉዞ ሲመለስ እንዲህ ያለ ፍሬ ከውሻው ጠጉር ላይ ነቅሎ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጥቃቅን መንጠቆዎች አገኘ። ዛሬ በልጆች ጫማና በቦርሳ ላይ ጨርር እያለ የሚላቀቀው ማጣበቂያ፣ ቬልክሮ፣ ከዚያ የመጣ ነው። ያ ፍሬ የበርዶክ ሲሆን በርዶክም የደንደሮ የቅርብ ዘመድ ነው።

የተወጋ ውሻ ሲያነክስ

እሾህን በእሾህ የሚለው ብሂል ለውሻ እግር አይሆንም፤ ወረንጦ ይሻላል። ከሁሉ በፊት አፉን በለስላሳ ጨርቅ ሸብ አድርጉ፤ ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ብርሃን ያለበት ቦታ አስተኝታችሁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። ቦታው ካልታየ እግሩን ለብ ባለ ጨው ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ቆዳው ሲለሰልስ ጫፉ ይታያል። ከሥሩ ያዙና በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ወደ ጎን ከጎተታችሁት ይሰበራል። ከዚያ በሳሙና እጠቡት፣ እንዳይልሰውም ተከታተሉ።

እግሩ ካበጠ፣ መግል ከወጣ፣ ወይም ውሻው ራሱን እያራገፈ አንዱን ጆሮ ካከከ ነገሩ ከወረንጦ ያለፈ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። በዚህ መሐል ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለእብድ ውሻ በሽታ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።

ከማጀት ያለው ዘመድ

ኮሸሽላን በዚህ ሁሉ የረገመ ሰው በጾም ቀን ዘመዱን በደስታ ይበላል። ትንሿ ነጭ ፍሬ ያላት የሀገር ሱፍ፣ ትልቁ የፈረንጅ ሱፍ ሳይሆን፣ ከእሾኻማው ወገን ናት፤ ቅጠሏም ይዋጋል። ገበሬ በእህል ማሳ ዳር ሲዘራት ከብት እንዳይገባ አጥርም ትሆነዋለች። ፍሬዋ ተቀቅሎ ወይም መጠነኛ እሳት መቶት ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል ጠንካራው ገለባ ወንፊት ላይ ይቀራል፣ ነጩ ወተት ይወርዳል። ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ተጨምሮበት እንጀራ ሲፈተፈትበት ሱፍ ፍትፍት ነው።

ሌላው ቀበርቾ ነው። በየገበያው ለጢስ የሚሸጠው ያ ጥቁር ሥር የኤኪኖፕስ ወገን ሲሆን የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙን የሰጡትም እኚሁ መስፍን ታደሰ ናቸው። እሾሁ ከላም ምላስ አድኖታል፤ ከዶማ ግን አላዳነውም። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ ለጢሱ ሲባል ተክሉ ይሞታል።

ግቢያችሁ ዳር ያለውን ደንደሮ ማጥፋት የምትፈልጉ፣ በማጭድ አናቱን መቁረጥ ድካም ብቻ ነው፤ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከማበቡ በፊት፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከመሬት በታች ጥቂት ጣት ያህል ገብታችሁ በዶማ ቁረጡት። ከዚያ ቦታውን ባዶ አትተዉት፤ ሣር ወይም ጎመን ይያዝበት፣ ከብትም ሣሩ ሳያገግም አይግባበት። ባዶ ከቀረ በሚቀጥለው በጋ ሌላ የደንደሮ ፍሬ በነፋስ መጥቶ ያርፍበታል። ለንብ ብላችሁ ጥቂቱን ዳር ላይ ብትተዉም ክፋት የለውም፤ ውሻው እንደሆነ መንገዱን ያውቃል።