ዘረ መልን መለወጥ፡ ሕክምናው የት ላይ ያበቃል?



ዛሬ የምናነሳው የሰው ልጅን ዘረ መል (ጂን) ስለመለወጥ ነው። ዘረ መል ከእናትና ከአባታችን የምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ ነው። ክሪስፐር የተባለው ዘዴ ከዚህ መመሪያ አንዱን ቦታ መርጦ ለመቁረጥና ለማስተካከል አስችሏል።

ለመሆኑ ሰዎች ይህን እንዴት ያዩታል? ፒው የተሰኘው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። ያልተወለደን ሕፃን ዘረ መል ለውጦ አብሮት የሚወለድን ከባድ በሽታ ማከም ተገቢ ነው ያሉት ከመቶ 72 ናቸው። ይበልጥ ብልህ ልጅ ለማግኘት ቢሆንስ? ተገቢ ነው ያሉት 19 ብቻ ሆኑ። ዘዴው ያው ነው፤ ሰዎቹ የለዩት ዓላማውን ነው።

የእኛም ዑለማዎች ከዚህ ቀደም ብለው ተመሳሳይ መስመር አስምረዋል። በመካ የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሽታን ለመከላከልና ለማከም፣ የባሰ ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ ፈቀደ። የሰውን ዘር እናሻሽላለን በሚል ሰበብ በዘረ መል ውስጥ ጣልቃ መግባትን ግን ከለከለ።

ነገር ግን «ሕክምና ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ቻይናዊው ተመራማሪ ሄ ጂያንኩይ እ.ኤ.አ. በ2018 መንትያ ሕፃናት ገና ፅንስ ሳሉ ዘረ መላቸውን መለወጡን አስታወቀ። ኤች አይ ቪን እንዲቋቋሙ ነው አለ። ሕፃናቱ ግን አልታመሙም ነበር፤ ቫይረሱ ካለበት አባት የሚወለድን ልጅ የሚጠብቅ ሌላ መንገድም ነበር። በፅንስ ላይ የተደረገ ለውጥ ደግሞ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ዓለም አወገዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት።

በአንጻሩ፣ ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ ለማከም ካስጄቪ የተሰኘ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝና በአሜሪካ ተፈቀደ። የበሽተኛው የራሱ የደም ፈጣሪ ሴሎች ወጥተው ይስተካከሉና ይመለሱለታል። ለውጡ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም። ችግሩ ዋጋው ነው፤ በአሜሪካ ሲፈቀድ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተተመነለት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ሁሉንም «ሐራም» ብለን አንዝጋ፣ ሁሉንም «እድገት» ብለንም አንቀበል። ለማከም ነው ወይስ ለማሳመር? ለውጡ በታማሚው ላይ ያበቃል? ጉዳት ቢመጣ የሚሸከመው ማን ነው? ድሃውስ ያገኘዋል? ብለን እንጠይቅ። ያልተወለደ ልጅ ስለራሱ መናገር አይችልም፤ አማናው በእኛ ላይ ነው።

ወሏሁ አዕለም።